በላይነሽ ነቃሽ

በላይነሽን እልኸኛ የሚሏት ሰዎች አያውቋትም። እልኸኛ ሰው አንድ ቀን ይደክመዋል። እሷ ሲደክማት ግን አላየሁም፤ እሷን እያየሁ የደከመኝ እኔ ነኝ። ኮልፌ ውስጥ፣ ከአጠና ተራ ጀርባ፣ በአንድ ግቢ ዐሥራ አራት ዓመት ጎረቤት ሆነን ኖረናል። ከአንድ ቧንቧ ቀድተናል፣ በአንድ ገመድ ልብስ አስጥተናል፣ ሦስት ጊዜ ተኳርፈን ሦስቱንም ጊዜ ሰላምታ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ እሷ ሳወራ የሚያርመኝ ሰው ቢኖር ራሷ ብቻ ናት።

በላይነሽ ሥራዋ ንቅሳት ነበር። አንገት ላይ እንደ ሐብል የተደረደረ መስመር፣ ግንባር ላይ መስቀል፣ እጅ ላይ ሐረግ ትነቅሳለች። ከሁሉ የምትታወቀው ግን በድድ ነው። ድዷ የጠቆረ ሴት ስትስቅ ጥርሷ ወተት ይመስላል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሳትነቀስ የምትዳር ልጅ ካለች እናቷ ትታማ ነበር።

የእሷ እናት ከጎጃም መጥታ ኮልፌ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ ሚዛን እንድትይዝላት ትፈልጋለች፤ የልጅቷ ዓይን ግን ማዶ ነው። ማዶ እማማ ወለተጻድቅ የሚባሉ ነቃሽ በዱካ ተቀምጠው ይሠራሉ። ሴቶች ወረፋ ይዘው አንገታቸውን ያቀናሉ፤ እማማ በስንጥር ይስላሉ፣ ቀጥሎ በመርፌ ይወጋሉ። በላይነሽ ይህን እያየች ስንት ኪሎ በርበሬ እንዳዛባች እናቷ እስክትሞት አልረሳችላትም።

ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ሄዳ አስተምሩኝ አለቻቸው። እማማ ወለተጻድቅ እጇን ይዘው አገላብጠው አዩት።

«አይሆንም» አሏት። «እጅሽ ይቸኩላል። ቆዳ ችኩል አይወድም።»

ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ይመለሳል። እሷ ቤቷ ገባች፤ ሦስት መርፌ በክር እንጨት ላይ አሰረች፣ የኩራዝ ጥላሸት ፋቀች፣ በሯን ዘጋችና ግራ ጭኗ ላይ መስቀል ነቀሰች። በሳምንቱ ቁስሉ ሲሽር ከአጠናው ክምር ጀርባ እማማን ጠርታ ቀሚሷን ገለጠችላቸው።

እማማ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። «ይሄ መስቀል አይደለም፤ የወደቀ አጠና ነው» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ስትወጊው ጮኸሻል?» ብለው ጠየቋት።

«አልጮኽኩም።»

«እንግዲያው ነገ ነይ።»

ጠማማው መስቀል እስከ ዛሬ ጭኗ ላይ አለ። አንድ ሁለት ጊዜ እኔም አይቼዋለሁ፤ እውነትም የወደቀ አጠና ነው የሚመስለው።

ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ አላስነኳትም። ጥላሸት ማጠራቀም፣ ቅጠል ጨምቃ ጥላሸቱን መለወስ፣ መርፌ በፈላ ውኃ መቀቀል፣ በስንጥር መስመር መሳል፣ ይኸው ነበር ሥራዋ። «ደም ከፈሰሰ ጠልቀሻል፤ ካልታየ አልነካሽም፤ ሥራችን በሁለቱ መኻል ነው» ይሏት ነበር። ሦስተኛው ዓመት ላይ የእማማን ዓይን ሞራ ይጋርደው ጀመር። አንድ ቀን የአንዲት ልጅ አንገት ላይ መርፌውን አስጠግተው እጃቸው ቆመ። ልጅቷ ትጠብቃለች። እማማ ዘወር ብለው መርፌውን ለበላይነሽ ሰጧትና «ያዥ» አሉ። በላይነሽ ነቃሽ የሆነችው በዚያች በአንዷ ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ እግሯ አልተቀመጠም። እቃዋን በቆርቆሮ ሣጥን ይዛ ዛሬ ዘነበወርቅ ትሄዳለች፣ ነገ ሳንሱሲ ሰርግ ቤት ተጠርታ ታድራለች። ለድድ ያወጣችው ሕግ ነበራት። ድዷን የተነቀሰች ሴት ሦስት ቀን በርበሬ አትቀምስም፣ ሦስት ቀን አትስቅም፣ ሦስት ቀን ነገር አትነጋገርም። አፏ ያብጣል፤ ከንፈሯን እንኳ ማላቀቅ ያማታል። ወንዶቹ ይህን ሰምተው «በዓመት ሁለቴ ቢሆን ምን አለበት» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አንዳንዶቹ እንደማይቀልዱ ግን እጠረጥራለሁ።

አንድ ነገር ልናገርላት። የአንገት ንቅሳት እንቅርት ይከላከላል የሚሉ ነበሩ፤ አሁንም አሉ። በላይነሽ ይህን ብላ አታውቅም። እንቅርት ያለባት ሴት ስትመጣባት «እኔ ጌጥ ነው የምሠራው፤ ሐኪም ቤት ሂጂ» ብላ ትመልሳታለች። ይህን የምናገረው በኋላ የተከሰሰችበት ነገር ውሸት መሆኑን ሰው እንዲያውቅልኝ ነው።

ደርግ ገብቶ ቀበሌ ሲቋቋም እኔ ስምንተኛ ክፍል የደረስኩና ጽሕፈቴ የሚነበብ ስለሆንኩ የቀበሌው ጸሐፊ አደረጉኝ። ሊቀመንበራችን ጓድ ወንድይፍራው ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ማኅተም የያዙ ሰው ነበሩ። አንዳንዴ ክፉ ሰው ይሻላል።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ለነዋሪው ሁሉ መታወቂያ ይታደል ተባለ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ እያልኩ የምሞላው እኔ ነኝ። ሴቶቹን ሥራቸውን አልጠይቅም ነበር። ጠላ ትሽጥ፣ ቅቤ ትነግድ፣ ልብስ ትጠብ፣ ለሁሉም «የቤት እመቤት» ብዬ እጽፋለሁ፤ የታዘዝኩትም እንዲያ ነው። በላይነሽ ወረፋዋ ደርሶ ፊቴ ቆመች። በዚያው ዓመት መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ለይታ ስለነበር ብዕሬን ትከተላለች።

«ምን እየጻፍሽ ነው እሙ?»

«የቤት እመቤት።»

«ቤቱ የኪራይ ነው፤ እመቤትም አይደለሁም። ነቃሽ ብለሽ ጻፊ።»

ጓድ ወንድይፍራው ከጠረጴዛቸው ቀና አሉ። «ንቅሳት ሥራ አይደለም፤ ልማድ ነው» አሏት። «ሥራ የሚባለው ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም ነው።»

«ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ እኔ ግን በወረቀት ላይ ነው የምፈልገው» አለች። «ካልተጻፈ አልወስድም።»

ሳትወስድ ወጣች። በዚያ ዘመን ያለ መታወቂያ መኖር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ከቀበሌ ሱቅ ስኳር የለም፣ ሳሙና የለም፤ ማታ መንገድ ላይ ብትገኚ ማን ነሽ የሚልሽ አብዮት ጠባቂ ነው። በላይነሽ አንድ ዓመት ሙሉ ሻይዋን በጨው ጠጣች። የእኔን ስኳር ስሰጣት «መታወቂያ ያለው ይጠጣው» ብላ መለሰችልኝ። ሁለተኛው ኩርፊያችን ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ላይ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ጎጂ ልማዶችን የማጥፋት ዘመቻ መጣ። ዝርዝሩ በአዳራሹ ሲነበብ ንቅሳት አራተኛ ነበር። ጓድ ወንድይፍራው ማንን እንደሚይዙ አልቸገራቸውም፤ መታወቂያ አልወስድም ያለች አንዲት ሴት አለቻቸው። በላይነሽ እሑድ ጉባኤ ፊት ቀርባ ራሷን እንድትነቅፍና ሥራውን መተዋን እንድትናገር ተወሰነ። ሕዝቡን «መድኃኒት ነው» እያለች እንዳታለለች የሚመሰክሩ ሦስት ሴቶችም ተመረጡ፤ ቅቤ ነጋዴዋ ካሳነሽ፣ የካሳነሽ ጎረቤት አልፊያና ጠላ ሻጯ ተሻለች። የሚናገሩት ቃል አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በጓድ ወንድይፍራው ቃል፣ በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ «ተታልለን ነበር» የሚል ቃለ ጉባኤ ዐርብ ዕለት ጽፌ ጨርሻለሁ። አፍሬበታለሁ፤ ያኔም አፍሬ ነበር፤ ግን ጻፍኩት።

ሦስቱ ሴቶች ጨነቃቸው። አንቀርብም ቢሉ የቀበሌ ሱቁ ይቀርባቸዋል፤ ባሎቻቸውም ይጠየቃሉ። ቀርበው የተጻፈላቸውን ቢናገሩ በላይነሽን ያጠፏታል። ቅዳሜ ጠዋት ወደ በላይነሽ ቤት ሲገቡ አየኋቸው። ይቅርታ ሊጠይቁ መስሎኝ ነበር። ሲወጡ ሦስቱም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ነበር፤ ሰላም ብላቸው በራሳቸው ነቅነቅ ብቻ መለሱልኝ። አኩርፈውኛል ብዬ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ግራ እጅ ተነሥቶ መፈክር ተባለ። ጓድ ወንድይፍራው ስለ ድንቁርና ግማሽ ሰዓት ተናገሩና «እንግዲህ የደረሰባቸውን በደል ጭቁን ሴቶቻችን በራሳቸው አንደበት ይገልጻሉ። ጓዲት ካሳነሽ» አሉ።

ካሳነሽ ተነሣች። ዝም አለች።

«ተናገሪ እንጂ ጓዲት።»

ካሳነሽ በነጠላው ውስጥ እንደ ማጉረምረም አለች። ጓድ ወንድይፍራው አልፊያን አስነሡ፤ አልፊያም ዝም። ተሻለችን አስነሡ፤ ተሻለች፣ ያቺ ጠላ ቤቷ ውስጥ ሦስት ሰካራም በአንዴ የምትሳደብ ሴት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ የእነዚህ ግን የከዳው ጓድ ወንድይፍራውን ነው።

«ነጠላችሁን አውርዱ» አሉ በቁጣ።

መጀመሪያ ያወረደችው ካሳነሽ ናት። ከንፈሯ አብጦ አፍንጫዋን ሊነካ ደርሷል። በሁለት ጣቷ ላይኛውን ከንፈሯን ገለጥ አደረገችና ድዷን ለጉባኤው አሳየች። ሰማያዊ የሚመስል አዲስ ጥቁረት ነው፤ ገና ጠርዙ ደም አለው። ቀጥሎ አልፊያ ገለጠች፤ ቀጥሎ ተሻለች።

«መቼ ነው የተነቀሳችሁት?»

ካሳነሽ በአውራ ጣቷ ወደ ኋላ አመለከተች። «ትናንት ማለቷ ነው» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። ሊመሰክሩባት የመጡት ሴቶች ምስክርነታቸውን በድዳቸው ሰጡ። እኔ ዐርብ የጻፍኩትን ወረቀት ከጠረጴዛው ስር አወረድኩት።

የጓድ ወንድይፍራው ግንባር ላይ ሥር ወጣ። ወደ በላይነሽ ዞሩ። «ተዪው፣ ምስክር አያስፈልግም። ራስሽን ልጠይቅሽ። በዚህ ሰፊ ሕዝብ ፊት በአንድ ቃል መልሽልኝ። ከድንቁርና እንቅልፍ ነቃሽ ወይ?»

በላይነሽ ቀሚሷን አስተካክላ ቆመች። «ነቃሽ ነኝ» አለች።

ሁለቱ ቃላት በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። እሳቸው ቃን አጥብቀው፣ ተነሣሽ ወይ፣ ገባሽ ወይ እንደማለት ጠየቁ። እሷ ቃን አላልታ፣ ሸማኔ ነኝ፣ አናጢ ነኝ እንደሚባለው ሥራዋን ነገረቻቸው። አዳራሹ ከግድግዳ ግድግዳ በሳቅ ተናጋ። ያን ጊዜ ሰው በሳቅ የሚታሰርበት ዘመን ነው፤ ቢሆንም ተሳቀ። የሚያሳዝኑት ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ያበጠ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ላለመሳቅ ይታገሉ ነበር።

ጓድ ወንድይፍራው ጠረጴዛውን መቱ። «በላይነሽ ነቃሽ» አሉ እያሾፉ፣ እሳቸውም አላልተው። «በላይነሽ ነቃሽ፤ እናያለን።» ጉባኤው ተበተነ፤ ውሳኔውን ከቀበሌያችን በላይ ያለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ይሰጣል ተባለ።

ቃለ ጉባኤውን እንደገና መጻፍ የኔ ዕዳ ሆነ። እውነቱን ብጽፍ ትታሰራለች። ውሸቱን ብጽፍ ሙሉ አዳራሽ ሰምቷል። ስጽፍ ስሰርዝ ቆይቼ አንድ ነገር ታየኝ። እንዲህ ብዬ ዘጋሁት፤ «በመጨረሻም ጓድ ሊቀመንበሩ ተጠያቂዋን በአንክሮ ካዳመጡ በኋላ በሕዝቡ ፊት ‹በላይነሽ፣ ነቃሽ!› ብለዋል።» በቃሉ ላይ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም። ነጠላ ሰረዝና ቃለ አጋኖ ግን የኔ ናቸው።

ጓድ ወንድይፍራው አነበቡት። አንዴ እኔን አዩ፣ አንዴ ወረቀቱን። በወረቀቱ ላይ እሳቸው አንዲት ኋላ ቀር ሴት ያነቁ ሊቀመንበር ናቸው፤ የሳቀባቸው ሰው የለም። ፈረሙ። በሳምንቱ ከከፍተኛው መልስ መጣ፤ «ግለሰቧ መንቃቷ ስለተረጋገጠ ጉዳዩ ተዘግቷል።»

እየሮጥኩ ነው በላይነሽ ቤት የገባሁት። እንዴት እንዳዳንኳት እየሳቅኩ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። መርፌ ትቀቅል ነበር፤ ድስቱን አወረደች።

«አጠበቅሽብኝ» አለች።

«ነጻ አወጣሁሽ እኮ።»

«እኔ ያልኩትን በልተሽ እሳቸው የፈለጉትን ጻፍሽልኝ። ሦስት ሴቶች አፋቸውን ያሳበጡት ለምን መሰለሽ? አሁን በመንግሥት ወረቀት ላይ በላይነሽ ሥራዋን ትታለች ነው የሚለው።»

«ወረቀት ነው፤ ማን ያየዋል? ዝም አይነቅዝም፤ ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ።»

«አንቺ ዝም በይ» አለችና ነጠላዋን አነሣች። ሦስተኛው ኩርፊያችን እዚያው ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም፤ እየተሳደብኩ ከኋላ ከኋላዋ ሄድኩ።

ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን የያዙት ጓድ ጥሩሰው የሚባሉ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ፤ ቀድሞ የአማርኛ መምህር ናቸው። በላይነሽ እጅ ነሥታ «ጌታዬ፣ የእኔን ወረቀት አውጥተው ያንብቡልኝ» አለች። ፈልገው አወጡና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ መጨረሻው ላይ ቃን ጥብቅ አድርገው።

«አላልተው ያንብቡት» አለች።

ቀና አሉ። ወደ ወረቀቱ ተመለሱ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እኔን ተመለከቱኝ፤ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

«ልጄ» አሏት መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ፊደሉ አንድ ነው። ሲጠብቅ ቤትሽ ትሄጃለሽ። ሲላላ የተከለከለ ሥራ ላይ ነሽ፤ እኔም ልለቅሽ አልችልም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«እንግዲያው የትኛው ይሁን?»

«ይላላ» አለች።

ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ፈራሁ። ጓድ ጥሩሰው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። እኔን ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም፤ ውለታቸውን አልረሳም። ከዚያ ብዕር አንሥተው ለቀበሌያችን ደብዳቤ ጻፉ፤ «ሥራዋ ነቃሽ የሆነችው በላይነሽ የተሰጠውን መመሪያ ባለማክበሯ ዐሥራ አምስት ቀን በቀበሌው እስር ቤት እንድትቆይ፣ የሥራ መሣሪያዋም እንዲወረስ።»

ዐሥራ አምስቱን ቀን ታሰረች። ካሳነሽ፣ አልፊያና ተሻለች ተራ ገብተው ምሳ አመላለሱላት፤ አፋቸው ስለዳነ ጥበቃዎቹን የሚሰድቧቸው እነሱ ነበሩ። የቆርቆሮ ሣጥኗ ተወረሰ። መርፌ ግን በየሱቁ ይሸጣል፤ ጥላሸትም ኩራዝ ባለበት ቤት ሁሉ አለ።

በተፈታችበት ቀን ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ ወደ ቢሮ መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«መታወቂያዬን» አለች።

ጓድ ወንድይፍራው ወደ እኔ ዞረው «የቤት እመቤት ብለሽ ስጫት» አሉ።

«ከከፍተኛው የመጣው ደብዳቤ ሥራዋ ነቃሽ የሆነችው ነው የሚለው» አለች በላይነሽ። «ፋይሉ ውስጥ አለ። በዚያ ደብዳቤ ነው ያሰሩኝ፤ ለእስሩ ትክክል ከሆነ ለመታወቂያውም ትክክል ነው። ካልሆነም የታሰርኩት በስሕተት ነው፤ ሄጄ ጓድ ጥሩሰውን ልጠይቅ።»

ጓድ ወንድይፍራው ደብዳቤውን አስወጥተው አነበቡ። ከበላይ የመጣ ነው፤ ማኅተም አለው። ሥራ በሚለው ቦታ ላይ ነቃሽ ብዬ ስጽፍ ቀና ብለው አላዩኝም። ማኅተሙን መቱና ካርዱን በጣታቸው ገፉት። በላይነሽ ፊደል በፊደል አንብባ ጨርሳ፣ ደረቷ ውስጥ ከታ ወጣች። እኔን አመሰግናለሁ አላለችኝም፤ አልጠበቅሁምም።

በዚያ ቀበሌ ከሺህ በላይ የሴት መታወቂያ ሞልቻለሁ። «የቤት እመቤት» የማይለው ያ አንዱ ብቻ ነው። ይህን እያሰብኩ ቤቴ ገባሁና የራሴን ከሣጥን አውጥቼ አየሁት። ለአምስት ዓመት በየቀኑ ቢሮ ገብቼ ስጽፍ የኖርኩት እኔ፣ በራሴ እጅ፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ ለራሴም «የቤት እመቤት» ብዬ ሞልቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ራሴን መጠየቅ ረስቼ ነው። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው እንጂ ከኀዘን አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ ወንድይፍራው ማኅተማቸውን ከመሳቢያ ሳያወጡ ካርዱን ፊታቸው አስቀመጥኩት።

«ይሄ ስሕተት አለበት» አልኳቸው።

«የማን ስሕተት ነው?»

«የኔ ነው» አልኩ። «ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።»